የዲስክ ፍጥነት ስታወጡ እንዴት እንደተለካም ጻፉልን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ቤት ሰርቨር የጻፋችሁትን አነበብኩት፣ ርዕሱን ማንሳታችሁ ደስ ብሎኛል፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፕሮክስሞክስ የሚባለውን ሶፍትዌር ጭኖ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ማስነሳት መማር ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ያልተዋጠልኝ የፍጥነት ቁጥሩ ነው። አንድ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ2 ጊጋባይት በላይ ጻፈ ብላችኋል፣ ይሄ እኮ ሊሆን አይችልም፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲጽፍ ቢበዛ ከ200 እስከ 300 ሜጋባይት ውስጥ ነው፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው የሳታ መስመር ራሱ 600 ላይ ያበቃል።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ከጽሑፉ ይታወቃል። ዲዲ በሚባለው የመቅጃ ትእዛዝ ዜሮ ብቻ ያለበት ፋይል ነው የተጻፈው፣ ዜድኤፍኤስ በሚባለው ፋይል ሲስተም (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅ ሶፍትዌር) ላይ ኮምፕሬሽን ከበራ ደግሞ ያ ሁሉ ዜሮ ይጨመቅና ዲስኩ ጋ የሚደርስ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኮምፕሬሽኑን ብታጠፉትም የሚጻፈው መጀመሪያ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ላይ ያርፍና ትእዛዙ "ጨርሻለሁ" ይላል፣ ዲስኩ በኋላ ነው የሚደርስበት። ሲነበብም ያው ነው፣ 32 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ በ4 ጊጋባይት ፋይል ከፈተናችሁ ፋይሉ ራም ውስጥ ስለተቀመጠ ዲስኩ አይነካም። የለካችሁት ራሙን ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ሲጨመርበት ይብሳል፣ ውስጥ ያለው ሲስተም የራሱ ካሽ (ዳታ ለጊዜው የሚያርፍበት ራም) አለው፣ ከስር ያለው ዋናው ማሽንም ሌላ ካሽ አለው፣ የቨርቹዋል ማሽኑ ዲስክ በራይትባክ (ዳታው ካሹ ላይ እንዳረፈ ተጽፏል በሚለው አሠራር) ከተዋቀረ ውስጥ ሆናችሁ ካሹን ዝለል ብትሉትም ከስር ያለው ራም ይቀበላችኋል። እኔ የምለው፣ አንዱን ፈተና መጀመሪያ ዋናው ማሽን ላይ ከዛ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ አሂዱትና ልዩነቱን እዩ፣ ቨርቹዋላይዜሽኑ ስንት እንዳስከፈላችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ለዚህ ሥራ ፊዮ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የሠራው ሊኑክስ ውስጥ ከዲስኮች ጋር የሚሠራውን የብሎክ ክፍል የሚመራው የንስ አክስቦ ነው። ከራሙ የሚበልጥ ፋይል ስጡት፣ 4 ኪሎባይት 4 ኪሎባይት እያለ የተለያየ ቦታ ላይ ይጻፍ፣ በየመሃሉ ኤፍሲንክ እየጠየቀ ዳታው ዲስኩ ላይ መስፈሩን ያረጋግጥ፣ ያኔ የሃርድ ዲስኩ እውነተኛ መልክ ይታያል። ግማሽ ዙር ለመዞር ብቻ 4 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፣ ጭንቅላቱ ቦታ እስኪቀይር 8 ገደማ ጨምሩበት፣ በሰከንድ 80 ጊዜ አካባቢ ቢጽፍ ነው፣ በ4 ኪሎባይት ስታባዙት 320 ኪሎባይት። ሜጋባይት አላልኩም፣ ኪሎባይት! ኤፍሲንኩ ሲታከልበት እንደውም ከዚህም ይወርዳል። ሦስት ቨርቹዋል ማሽን አንድ ዲስክ ላይ ሲሻሙ ዲስኩ የሚደርሰው እንዲህ ያለ የተበታተነ ሥራ ነው፣ ሰው ሰርቨሬ ተንቀራፈፈ የሚለው ለዛ ነው። ርካሽ ኤስኤስዲም (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ቢሆን መጀመሪያ ላይ የሚጻፍበት ፈጣን ካሽ ስላለው አጭር ፈተና ላይ ያምራል፣ ካሹ ሲሞላ ነው ጉዱ የሚወጣው፣ ኪውኤልሲ ከሚባሉት ርካሽ ኤስኤስዲዎች ውስጥ ከሃርድ ዲስክ በታች የሚወርዱም አሉ፣ ስለዚህ ረዘም አድርጋችሁ ፈትኑ።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ፍጥነት እንዲጨምር የዜድኤፍኤስን ሲንክ (ዳታው ዲስኩ ላይ ሳይሰፍር ተጽፏል እንዳይባል የሚያደርገውን ቅንብር) አጥፉት ያላችሁት ነው፣ እባካችሁ ይሄን አርሙት። ሲንክ ሲጠፋ ዳታቤዙ "ተጽፏል" ተብሎ ይነገረዋል፣ ዳታው ግን ገና ራም ላይ ነው፣ ዜድኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ የሰበሰበውን ወደ ዲስክ የሚያወርደው ቢዘገይ በየ5 ሰከንዱ ነው፣ በዛ መሃል መብራት ከጠፋ ፋይል ሲስተሙ ደህና ሆኖ ይነሳል፣ የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ዳታ ግን የለም። ይሄን ሳያውቅ የቤተሰቡን ፎቶና የሥራ ዳታውን እዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ይኖራል።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ቁጥር ስታወጡ ራሙ ስንት እንደሆነ፣ የፈተናው ፋይል ስንት እንደነበር፣ ሲንክና ኮምፕሬሽን በርተው እንደሆነ፣ ዋናው ማሽን ላይ ይሁን ቨርቹዋሉ ውስጥ፣ ለምን ያህል ደቂቃ እንደሄደ አብራችሁ ጻፉልን፣ ፊዮ የሚያወጣውን የ99ኛውን ፐርሰንታይል መዘግየትም (ከመቶው ሥራ 99ኙ ከዛ ሳይበልጥ የሚያልቅበትን ጊዜ) ጨምሩበት፣ ሰው ሲጠቀም የሚሰማው እሱ ነው እንጂ አማካዩ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ