ቲሸርት ደሞዝ አይደለም

ሰላም ዝግጅት ክፍል፣

ሐዋሳ የማርኬቲንግ ተማሪ ነኝ። «የካምፓስ አምባሳደር» የሚባል ኢንተርንሺፕ ግቢውን ወሮታል። ሥራው ምን መሰላችሁ? የዶርም ጓደኛህን ስልክ ተቀብለህ የድርጅቱን አፕ ትጭናለህ፣ የመጋበዣ ኮድህን ታስገባለህ፣ ስክሪንሾት አንስተህ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ትለጥፋለህ፤ ማታ ደግሞ አስተባባሪው የሁሉንም ቁጥር ደርድሮ ዝቅ ያለውን በሰው ፊት ያሸማቅቃል። ክፍያው ቲሸርት ነው። የእኔው ጀርባው ላይ ስልክ ቁጥር ታትሞበታል፣ አሞራ ገደል ዓሣ ልበላ ለብሼው ብሄድ ሰው ሁሉ ሲም ካርድ ሻጭ አደረገኝ።

ሥራውን አልጠላሁትም። ሰው ማናገር፣ «አልፈልግም» ሲሉህ አለመኮሳተር፣ ይሄ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ግን በውል ይሁን! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙያ ልምምድ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ የሥልጠናው ዓይነት፣ ጊዜውና ክፍያው ይገለጽበታል። የእኛው ሥራ እዚያ ውስጥ ይገባል አይገባም የሕግ ሰዎች ይከራከሩ። ድርጅቶቹ ግን ቢያንስ አንድ ገጽ ፈርመው ይስጡን፣ የባጃጅ ሒሳባችንንም ይቻሉ። ግቢዎችም ማስታወቂያውን ቦርድ ላይ ከማስለጠፋቸው በፊት ውሉን ይጠይቁልን።

የ3ኛ ዓመት ተማሪ፣ ከሐዋሳ