ዳማን እንደገና ስጭን

እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ከአባቴ ቀብር ወዲህ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። በነሐሴ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል፤ መልስ ያላገኘኸው በእኔ ስንፍና ነውና ሰበብ አልደረድርም። የጠየቅኸኝ ስለ አባቴ ፈረስ ስለ ዳማ ስለ ነበር የእሱን ነገር ላውጋህ።

በዚያ ቀን ዳማ ባዶ ኮርቻ ተጭኖ፣ ጥልፍ ያለበትን የጌጥ ልብሱን፣ ግላሱን ለብሶ፣ አንተ የልጓሙን ገመድ፣ ዛቡን ይዘህ ከአስከሬኑ ኋላ መሄዳችሁን ታስታውሳለህ። ከዚያ በኋላ 14 ወር ሙሉ ማንም አልጫነውም። መስቀል እንደ ዋለ ከመስክ ሳመጣው ፀጉሩ ያበራ ነበር፤ ሆዱም ሞልቶ ሰባ እንጂ ከሳ የሚል አልነበረም። ጀርባውን በእጄ ስዳብስ ግን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ የነበረው ሥጋ ጎድሎ አጥንቱ ወጣ ብሎ አገኘሁት። ድሮ ለዳማ ልክ የነበረው ኮርቻ አሁን አጥንት ላይ የሚያርፍ ሆነ፤ እንደዚያው ብጭነው በሳምንት ገጣባ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሁለት ወፍራም ጨርቅ በግራና በቀኝ አጥፌ፣ መካከሉን ክፍት ትቼ ደለደልሁለት።

በዚህ ብጠነቀቅም ትልቁን ስሕተት ከመሥራት አልዳንሁም። የፈረሰኞች በዓል የሚውልበት ጥር 23 በዓይኔ ላይ ስለ ዞረ፣ ዳማም ሲሄድ ስለማያለከልክ፣ በሦስተኛው ሳምንት ሜዳ ላይ ለቀቅሁት። እንደ ድሮው ጋለበ፤ እኔም ደስ አለኝ። በማግሥቱ ጧት የግራ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ፣ ጅማቱ በእጅ ሲነካ ይሞቅ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ዳብሶ ጅማቱ እንዳልተበጠሰ ነገረኝና ከዚያ በኋላ የማልረሳውን ነገር አስረዳኝ፤ የፈረስ ልብ፣ ሳንባና ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራ ሲመለሱ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ትንፋሹ የተመለሰ ፈረስ እግሩም የተመለሰ ይመስላል፣ አደጋውም እዚያ ላይ ነው። ጧትና ማታ ወንዝ ውስጥ እያቆምሁ፣ በእጄ እየጎተትሁ ብቻ እስከ ኅዳር አጋማሽ አቆየሁት።

ከዚያ እንደ አዲስ ጀመርሁ። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ያለ ኮርቻ፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ 5 ደቂቃ እየጨመርሁ እስከ 40 ድረስ በእርምጃ ብቻ፣ በደረቅና ደልዳላ መንገድ። ሶምሶማ ያስጀመርሁት ከትናንት ወዲያ ነው፤ እሱም ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ በመካከሉ ረጅም እርምጃ። ጧት በረት ሳለ ከመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣቴ ይዤ 15 ሰከንድ እቆጥርና በአራት አበዛለሁ፤ 36 ይመጣል። ከሥራ በኋላ አሥር ደቂቃ ቆይቼ ስቆጥር ከ60 በታች ካልወረደ፣ በማግሥቱ አልጨምርም። ገብሱንም በእፍኝ እንጂ በቁና አልሰጠውም፤ እሱም ከሥራ በኋላ ነው።

አሁን የምትስቅበትን ልንገርህ። በልብስ ሰፊ ሜትር ደረቱን ዙሪያ ስለካ 148፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ 140 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የደረቱ ልክ በራሱ ተባዝቶ፣ በርዝመቱ ተባዝቶ፣ ለ11,880 ሲካፈል የፈረስ ክብደት በኪሎ ይገኛል፤ ዳማ 258 ገደማ ነው። ኮርቻን ጨምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ አትጫን ይላሉ፤ ያም 52 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። እኔ ኮርቻ ሳይታሰብ 68 ነኝ! ይህን ስሌት ለአካባቢያችን ፈረሰኞች ባወራ ከበርጩማቸው ላይ እስኪወድቁ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ ጠንክሮ የሠራ ፈረስ ከዚህ በላይ እንደሚሸከምም አልክድም። ዳማ ግን ዛሬ ጠንክሮ የሠራ ፈረስ አይደለም፤ ስለዚህ የሚቀመጥበት የእኅቴ ልጅ ነው፤ 13 ዓመቱ ነው፣ 38 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። እኔ ዛቡን ይዤ በእግሬ አብሬ እሄዳለሁ። አባቴን «ነፋስ የሚወስድህ» እያልን የምንቀልድበት ቅጥነቱ ለፈረሱ ምን ያህል እንደ ጠቀመው አሁን ነው የገባኝ።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል 41 ቀን ቀርቶታል። አባቴ ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከዚያም ወደ ኋላ እስከ ዓድዋ ድረስ፣ ያለውን ታሪክ ለዳማ ገብስ እየሰጠ ይተርክልን የነበረውን አትረሳውም። በዚህ ጥር ዳማ አይጋልብም፤ ያንን ወስኛለሁ። ልጁን ጭኖ በእርምጃ ወደ ሜዳው ይገባና ዳር ይቆማል። ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ እኔም እመልሳለሁ።

ትመጣ እንደሆነ ቀድመህ ንገረኝ። ስትመጣም የግላሱ ጥልፍ አንድ ጎኑ ስለ ተተረተረ፣ ጠንካራ ቀይና ቢጫ ክር ከመርካቶ ገዝተህ ያዝልኝ፤ እዚህ ያገኘሁት ቶሎ ይለቃል።

ወንድምህ