ጎመኑን ማጠብ ብቻ አይበቃም

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በአቃቂ ወንዝ ስለሚለማው አትክልት ወሬ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ምክር "በደንብ እጠቡት" የሚል ነው። ማጠብ ጭቃና ጀርም ያስለቅቃል። ካድሚየም የተባለውን መርዛማ የብረት ዓይነት ግን አያስለቅቅም፤ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነዋ።

ተክሉ ካድሚየምን ለይቶ አያውቀውም። ለዕድገቱ ከሚያስፈልገው ከዚንክ ማዕድን ጋር ስለሚመሳሰል ሥሩ ዚንክ በሚያስገባበት መንገድ ያስገባዋል፤ ከዚያ ወደ ቅጠል ይወጣል። ክፋቱ፣ ጎመኑ ላይጠወልግ ይችላል። ለምለም እንደሆነ ገበያ ይወጣል፤ በዓይን አይለይም። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም በአብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል፤ እርሳስም እንደዚያው። በካድሚየም በኩል ግን ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ከቲማቲም ፍሬ የበለጠ ያከማቻሉ።

እባካችሁ ገበሬውን አትውቀሱት። ውሃውን የበከለው እሱ አይደለም፤ ልጆቹን የሚያሳድገውም በዚያው ማሳ ነው። አፈሩ ይመርመርለት። አሲዳማ ከሆነ ኖራ ይቅረብለት፤ ኖራ ተክሉ የሚስበውን ካድሚየም ይቀንሳል። ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወንዝ ውስጥ የሚለቁት ግን ዛሬውኑ ሊቆሙ ይገባል። የምርመራው ውጤትም ቢሮ ውስጥ አይቀመጥ፤ አትክልት በሚሸጥበት ገበያ ሁሉ ይለጠፍልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ