ሙዚየሙ በር ላይ ያልመለስኩልህ

ልጄ፣

ባለፈው ቅዳሜ ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ በእግራችን ስንወርድ ሙዚየሙ በር ላይ ቆም አልክና «አባዬ፣ ማታ ተኝቼ ጠዋት ባልነቃ ደስ ይለኛል» አልከኝ። እኔ ደግሞ «ቁርስ በልተሃል?» አልኩህ። ማኪያቶ አዘዝኩልህ፤ አረፋው ሟሽሾ ስኒው ላይ እስኪደርቅ አልነካኸውም። እኔ ስለ መብራት ሒሳብ አወራ ነበር። የመብራት ሒሳብ!

አልሰማኝም እንዳትል፤ ሰምቼሃለሁ። ፈርቼ ነው። ስሙን ከጠራሁት የምጠራብህ መሰለኝ።

ሰኞ ሳልነግርህ አማኑኤል ሆስፒታል ሄድኩ። «አማኑኤል ገባ» ማለት ሰፈራችን ውስጥ ስድብ ነው፤ እኔም በስንቱ ስቄበታለሁ። ወረፋው ላይ ከጎኔ የተቀመጠው ግን እንዳንተው ደብተር የያዘ ልጅ ነበር፤ እናቱ ብርቱካን ትልጥለታለች። ያነጋገረችኝ ነርስ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ይቀለዋል» አለችኝ። ራስን ማጥፋት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ በዓለም 3ኛው የሞት ምክንያት መሆኑን ስትነግረኝ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ቀረሁ።

እንግዲህ ልጠይቅህ፦ ራስህን ለማጥፋት አስበሃል? እስከ ማቀድስ ደርሰሃል? ፊት ለፊት አንደበቴ ስለሚተሳሰር ነው የጻፍኩት እንጂ ወረቀቱን በእጄ ነው የምሰጥህ፤ አንብበህ እስክትጨርስም ከአጠገብህ አልነሳም። መልስህ ምንም ቢሆን አልቆጣም፣ ለአጎቶችህም አላወራም። ከባሰብህ ግን ምስጢር አልጠብቅልህም፤ በሌሊትም ቢሆን ታክሲ ይዤ ድንገተኛ ክፍል እወስድሃለሁ።

መድኃኒት ከታዘዘልህ ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል አሉ፤ በሳምንቱ «አልሠራም» ብለህ እንዳታቋርጥ። እሽጉ እኔ ጋ ይቀመጣል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይሉ የለ? እናትህ ፀበል ማለቷ አይቀርም፤ ትውሰድህ፣ መድኃኒቱን እስካላስተወችህ ድረስ ከእሷ ጋር ጠብ የለኝም።

ትምህርቱን ለጊዜው ለማቆም ዊዝድሮ መሙላት ካለብህ አብረን ሬጅስትራር እንሄዳለን። አንድ ሴሚስተር ምን አላት።

ቀጠሮህ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። በ2 ሰዓት ግቢው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ ስልኬ ትራሴ ሥር ነው። መናገር ካቃተህ ሚስኮል አድርግ፤ ምን ሆንክ ሳልል እመጣለሁ።

አባትህ