የሞተር መብራታችሁን ቀይሩ፣ ግን ግድግዳ ላይ ሳታዩት አትውጡ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ከሥራ የምመለሰው በሞተር ሳይክል ነው፣ ብዙ ጊዜም መሽቶ። ስለ ሞተር የፊት መብራት የምለው ስላለኝ ነው የጻፍኩት፤ እባካችሁ አውጡልኝ።

ድሬ የማታ ከተማ ናት። ቀን ሙቀቱ ቤት ያዋለው ሰው ሁሉ ሲመሽ ነው የሚወጣው። ሕፃናት በሳይክል፣ እናቶች በእግር፣ ባጃጁ በየማዕዘኑ። አብዛኞቹ ሳይክሎች መብራት የላቸውም። የከዚራ ዛፎች ቀን ላይ ስንቱን ሰው ያስጠልላሉ፣ ማታ ግን የመንገዱን መብራት ይጋርዳሉ። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ እየነዳህ ድንገት ከፊት ለፊት ነጭ ብርሃን ዓይንህ ውስጥ ይገባል። ሞተር ይሁን መኪና አትለየውም። ካለፈህ በኋላም ዓይንህ ወዲያው አይመለስም፣ በተለይ ዕድሜህ ገፋ ካለ ጊዜ ይወስድበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ያህል ይሄዳል። ያንን 33 ሜትር በጭፍን ነው የሄደው። እዚያ ውስጥ አንድ ሳይክል የያዘ ልጅ ቢኖርስ?

ነገሩ የመጣው አሁን ሁሉም ሰው ኤልኢዲ አምፖል እየገዛ ቤቱ ራሱ ስለሚገጥም ነው። ይህን በሚያደርጉት ልጆች ላይ አልፈርድም። ብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከፋብሪካ የሚመጡት 35 ዋት አምፖል ይዘው ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲሠራ መብራቱ ይደክማል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይበራል። በዚህ መብራት ከድሬ በላይ ካለው ከደንገጎ ዳገት ቁልቁል መውረድ ጭንቅ ነው። መቀየሩን እደግፋለሁ። ቤት ውስጥ መቀየሩንም እደግፋለሁ፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ቴስተር ያለው ሰው የማይችለው ሥራ አይደለም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። አምፖሉ ስለበራ ሥራው አለቀ አትበሉ። ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ሳታዩ መንገድ ላይ አትውጡ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ያለውን መብራት እዩት። የድሬ ፀሐይ የመብራቱን ፕላስቲክ ያጠይመዋል፣ አቧራው ደግሞ ይፍቀዋል። ቢጫ የሆነ ፕላስቲክ ውስጥ የፈለጋችሁትን አምፖል ብትከቱ ብርሃኑ ተበትኖ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ አጽዱት፣ በፖሊሽ አሹት፣ ካልሆነም ፕላስቲኩን ቀይሩት። ቀጥሎ ሽቦውን እዩ። መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከባትሪ ከሆነ፣ ሞተሩን አስነስታችሁ መብራቱን አብሩና አምፖሉ ሶኬት ላይ ቮልቱን ለኩ። ባትሪው ላይ 13 ወይም 14 ቮልት እያለ አምፖሉ ጋ 11 ከሆነ፣ ቀሪው የጠፋው በዛገ ማብሪያና በላላ ሶኬት ነው። ሃሎጅን፣ ማለት ክር ያለው የተለመደው አምፖል፣ ደግሞ ለቮልት በጣም ስስ ነው፤ ቮልቱ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስንቱ ሰው ነው አዲስ አምፖል የገዛው፣ ችግሩ አንድ የዛገ የመሬት ሽቦ ሆኖ ሳለ!

አንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን በቀጥታ ከሞተሩ ጄኔሬተር ነው። ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቱ የማይበራ ከሆነ ይህንን ጠርጥሩ፣ ቴስተሩን ተለዋጭ ኃይል (ኤሲ) ላይ አድርጋችሁም አረጋግጡ። ለባትሪ የተሠራ ኤልኢዲ እዚያ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ወይ ይቃጠላል። ሁለቱንም ዓይነት ኃይል የሚቀበል አምፖል አለ፤ ስትገዙ ጠይቁ።

አሁን ወደ አምፖሉ። አሸዋ ገበያ ሄዳችሁ ካርቶኑን ስታዩ 10 ሺህ ሉመን፣ 20 ሺህ ሉመን የሚል ታነባላችሁ፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። አትመኑት። መኪና ላይ የምናውቀው ኤች ፎር ሃሎጅን አምፖል መደበኛ ልኩ በረጅም መብራት 1,650 ሉመን፣ በአጭር 1,000 ሉመን ነው። በዚያ ነው ዓለም ስንት ዘመን ሌሊቱን ሲነዳ የኖረው። የካርቶን ቁጥር ሳይሆን የአምፖሉን ቅርፅ እዩ። ሃሎጅኑን በእጃችሁ ያዙት (መስታወቱን በጣት አትንኩ፣ የጣት ቅባት ሲግል ያበላሸዋል) እና ውስጡን ተመልከቱ። ሁለት ቀጫጭን ክሮች አሉ። የአጭር መብራቱ ክር ከሥሩ ትንሽ የብረት ማንኪያ የመሰለች ጋሻ አለችው። ያቺ ጋሻ ናት ብርሃኑ ወደ ታችኛው የአንጸባራቂ ክፍል እንዳይሄድ የምትከለክለው። እሷ ባትኖር ብርሃኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሰው ዓይን ነበር የሚወጣው። ስለዚህ የምትገዙት ኤልኢዲ የሚያበሩት ነጥቦች ክሮቹ በነበሩበት ቦታ በትክክል መሆን አለባቸው፣ የአጭሩም ከሥሩ ጋሻ ሊኖረው ይገባል። በአራቱም ጎን መብራት የተለጠፈበት፣ በቆሎ የመሰለውን አምፖል ግን አትግዙ። እሱ ለፊት መብራት አይሆንም።

የቀለሙም ነገር አለ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ 6,500 ወይም 8,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚባለው፣ ፊት ለፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን የበለጠ ያስቸግራል፤ ለነጂውም አስፋልቱን አሳምሮ አያሳየውም። 4,300 አካባቢ ያለውን ብታገኙ ጥሩ ነው።

ገጠማው። መጀመሪያ ግን ከታች የምጽፈውን የግድግዳ መስመር በአሮጌው አምፖል አስምሩ። ከዚያ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ንቀሉ፣ ሃሎጅኑ እስኪበርድ ጠብቁ። የባትሪውን ሽቦ ስትፈቱ መጀመሪያ የኔጌቲቩን፣ ስትመልሱ እሱን መጨረሻ። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው የሞተሩን አካል ከነካ ብልጭታ ነው። የመብራቱን ቤት ከፍታችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ የጎማ መሸፈኛውን አውጡ፣ ማያዣውን ሽቦ ተጭናችሁ ፍቱና አሮጌውን አውጡ። አትጣሉት፣ ከወንበር ሥር ይቀመጥ። ኤልኢዲው አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ቢከዳችሁ እሱ ነው ቤት የሚያደርሳችሁ።

አዲሱን ስታስገቡ የሚያበሩት ነጥቦች ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዞር አለባቸው፣ ወደ ላይና ወደ ታች አይደለም። ብዙዎቹ አምፖሎች አንገታቸው ላይ ትንሽ ብሎን አላቸው፤ እሱን አላልታችሁ ማዞር ነው። ብዙ ሰው ይህንን አያውቅም። ከካርቶኑ እንደወጣ ይገጥመዋል፣ ከዚያ ግማሹ ብርሃን ዛፍ ላይ ይወጣል። የጎማ መሸፈኛውን ደግሞ አምፖሉ ረዘመ ብላችሁ አትቁረጡት። እዚህ አገር ያ ክፍት ቦታ ማለት አቧራ ማለት ነው፣ አንጸባራቂው ውስጥ ከገባ ደግሞ ጠርጋችሁ አትጨርሱትም። ኤልኢዲ ሙቀቱ በጀርባው በኩል ነው የሚወጣው፤ የኛ ሙቀት ተጨምሮበት ያ ጀርባ መተንፈሻ ካጣ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የመብራቱ ቤት ውስጥ በቂ ቦታ መኖሩን እዩ፣ ሽቦዎቹም ማራገቢያውን እንዳይነኩ እሰሩ።

ብርሃን እንዲበረታ ብለው 100 ዋት ሃሎጅን አምፖል የሚከቱም አሉ። በ12 ቮልት 100 ዋት ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ለ35 ዋት የተሠራ ሽቦና ማብሪያ ያንን አይችልም፤ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ የሽቦው ልብስ ይሸታል፣ ቀጥሎ ያለው እሳት ነው። ይህን የግድ ካላችሁ በወፍራም ሽቦ ከባትሪ በፊውዝና በሬሌ (ብዙውን ኃይል በማብሪያው ፋንታ በራሱ በኩል የሚያሳልፍ መክፈቻ) አምጡት። በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ሽቦ መሪው በታጠፈ ቁጥር ይላላል።

አሁን ግድግዳው። አዘጋጁ ቦታ ካጠረው ሌላውን ቁረጡብኝ፣ ይህችን ግን አትቁረጡ።

አሮጌውን አምፖል ከመንቀላችሁ በፊት፣ መሸት ሲል፣ ሞተሩን ሜዳ በሆነ ቦታ ግድግዳ ፊት አቁሙት። ጎማዎቹ በልክ የተነፉ ይሁኑ። ግድግዳው ጋ አስጠግታችሁ የመብራቱን መሃል ቁመት በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሞተሩን 10 ሜትር ወደ ኋላ ሳቡት፣ አንድ ሰው ይቀመጥበት፣ ሞተሩም ቀጥ ብሎ ይቁም። አጭር መብራቱን አብሩና ብርሃኑ የሚያልቅበትን የላይኛውን መስመር በጠመኔ አስምሩ። ይህ የፋብሪካው ቅርፅ ነው። አሁን አዲሱን ገጥማችሁ እንደገና አብሩ። አዲሱ መስመር ከአሮጌው ጋር ካልተመሳሰለ፣ ወይም ጭራሽ መስመር ከሌለውና ብርሃኑ ግድግዳውን ሁሉ ካለበሰው፣ ያ አምፖል ለዚያ መብራት አልሆነም። መልሱት። መስመሩ ጥርት ያለ ሆኖ ከፍ ካለ ግን የመብራቱን ማስተካከያ ብሎን አዙራችሁ አውርዱት፤ በ10 ሜትር ላይ ከመሃሉ ምልክት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ይኸው ነው። ከሻይ ማፍያ ጊዜ አይበልጥም።

ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ የምትጭኑ ደግሞ በተጫነ ጊዜ እዩት። ጀርባው ሲረግጥ አፍንጫው ቀና ይላል፣ መብራቱም አብሮ። ባዶ ሆኖ የተስተካከለ መብራት ሁለት ጆንያ ከኋላ ሲጫንበት መጥቶ ሰው ያሳውራል።

ደንገጎን ላንሳ። ያ መንገድ ጥምዝ ነው። ማታ የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እየከነፈ ይመጣል። ሞተር ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ያኔ የብርሃኑ የግራ ጫፍ ከፍ ይላል። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው፣ በግራ በኩል ያለው ፊት ለፊት የሚመጣው ሹፌር ነው። ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ የታሰረ መብራት እዚያ ኩርባ ላይ ቀጥታ የሹፌሩ ዓይን ውስጥ ይገባል። እናንተ ገደል ዳር፣ እሱ ደግሞ አይሱዙ ይዞ፣ ለሰከንዶች አያያችሁም። ይህ የትህትና ጉዳይ ብቻ አይደለም አቦ፣ ያሳወራችሁት ሰው የሚገጨው እናንተኑ ነው።

መሪው ላይ ተጨማሪ ፓውዛ ለምታስሩ ደግሞ፣ ሽቦውን ከረጅም መብራቱ ጋር አያይዙት። አጭር ስታደርጉ አብሮ ይጠፋል። ለብቻው ማብሪያ ያለው ፓውዛ ሁሌም ተረስቶ እንደበራ ነው የሚመጣው። ብልጭ ድርግም የሚለውንማ ከናካቴው ተዉት፣ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛው ለአምፖል ሻጮች ነው። የሞተሩን ዓይነት ሳትጠይቁ አትሽጡ፣ ግድግዳ ላይ አልሆነም ብሎ የመለሰውንም ተቀበሉት። ሁለተኛው ዓመታዊ ምርመራ ለሚያደርጉ ክፍሎች ነው። ቦሎ ሲሰጥ መብራቱ መሥራቱን ብቻ ሳይሆን ብርሃኑ የት እንደሚያርፍም ቢታይ ብዙ ሰው በዚያው ይስተካከላል። አንድ ቀለም የተቀባ ግድግዳና የ10 ሜትር ምልክት ነው የሚያስፈልገው።

ለናንተም ለጋዜጣው ልመና አለኝ። የግድግዳውን አለካክ በሥዕል አድርጋችሁ ብታወጡልን፣ እኔ ቆርጬ ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። እዚያ ሞተሩን ይዞ የማይቆም ልጅ የለም።

አንባቢያችሁ፣
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ