ለናቲ፦ ስለ አንገት መከላከያው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለናትናኤል፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እናትህ ባለፈው ቅዳሜ የውድድር መኪናህ ስትገለባበጥ የሚያሳየውን ቪዲዮ ካየች ወዲህ እህል በአግባቡ አልቀመሰችም። እኔን የከበደኝ ግን አጎትህ የነገረኝ ነው፤ በልምምድ ሰዓት ሙቀቱ ሲበዛብህ ሃንስ የሚባለውን የአንገት መከላከያ አውልቀህ ትነዳለህ አሉ። ናቲ፣ እሱን ሳታስር ሞተር እንዳታስነሳ።

በፈረንጆቹ ፌብሯሪ 18 ቀን 2001 እኔ ለአገሩ እንግዳ ነበርኩ፤ አሜሪካ፣ ኮንኮርድ ከተማ ውስጥ ነዳጅ ማደያ እሠራ ነበር። ከሂሳብ መቀበያው በላይ በተሰቀለችው ቴሌቪዥን የዴይቶናው የመኪና ውድድር ይታያል። ሊያልቅ ከ30 ያነሱ ዙሮች ሲቀሩ የቶኒ ስቱዋርት መኪና አየር ላይ ስትገለባበጥ ቤቱ በጩኸት ተሞላ፤ ሰውየው ግን ተረፈ። በመጨረሻው ዙር የ7 ጊዜው ሻምፒዮን ዴል ኧርንሃርት ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ ግን አንዱ ደንበኛ «ይቺማ ምንም አይደለች» ብሎ ቡናውን ይዞ ወጣ። ማታ መሞቱ ተሰማ። በማግስቱ የኧርንሃርት መኪና ቁጥር፣ 3 የተጻፈበት ጥቁር ኮፍያ ያደረጉ ጎልማሶች ነዳጅ እየቀዱ ያለቅሱ ነበር፤ እኔም እንግሊዝኛዬ ገና ስለነበር ሂሳባቸውን ተቀብዬ እጄን ደረቴ ላይ ከማድረግ በቀር የምላቸው አልነበረኝም።

የምትገለባበጥ መኪና ጉልበቷን በየመሬቱ እየጣለች ትሄዳለች። ግድግዳ የመታች መኪና ግን በቅጽበት ትቆማለች፤ ቀበቶው ደረትህን ሲይዘው ራስህ ከነሄልሜቱ ወደፊት ይወረወርና የራስ ቅልህ ግርጌ ይሰበራል፤ ኧርንሃርትን የገደለው ይኸው ነው። መከላከያው ትከሻህ ላይ በቀበቶዎቹ ተጣብቆ ሄልሜቱን ግራና ቀኝ በአጫጭር ማሰሪያዎች የሚይዘው ለዚያች ቅጽበት ነው።

«ልምምድ እኮ ነው» እንዳትለኝ። ተወዳዳሪው አዳም ፔቲ በ2000 ኒው ሃምፕሻየር ላይ የሞተው በልምምድ ነው፤ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሁለት ወር ሳይሞላ ሌላው ተወዳዳሪ ኬኒ ኧርዊን እዚያው ሜዳ፣ እዚያው መታጠፊያ ላይ፣ እሱም በልምምድ ሞተ። እነዚህን ውድድሮች የሚመራው የአሜሪካው ድርጅት ናስካር መከላከያውን በ2001 መገባደጃ ግዴታ ካደረገ ወዲህ በሦስቱ ታላላቅ የውድድር ዘርፎቹ ተወዳዳሪ አልሞተም። ግድግዳውም ተለውጧል፤ በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የተተከለው፣ ብረቱ ከኋላው ፎም ያለው ግድግዳ ግጭቱን ያበርደዋል። አንተ የምትነዳበት ትንሽ ሜዳ ግን ደረቅ ኮንክሪት ነው፤ ስለዚህ ሳታስር ሞተር እንዳታስነሳ።

ቀበቶህ ላይ የተሰፋውን ቀን እይ፤ 2 ዓመት ካለፈው ቀይረው። ገንዘቡን ሐሙስ እልካለሁ፤ ለጎማ እንዳታውለው። ስትጋጭ እሳት ከሌለ የእርዳታ ሰዎች እስኪደርሱ ከመኪናው አትውረድ፤ ደህና ከሆንህ ግን እንዲያውቁት የመስኮቱን መረብ ቶሎ አውርደው። ቅዳሜ መረቡ እስኪወርድ እናትህ የሆነችውን ብታይ ኖሮ አትዘገይም ነበር፤ ደውልላት፣ የኔ ጌታ።

አጎትህን እንዳትቀየመው። ቅዳሜ መከላከያውን አስረህ፣ መቀመጫህ ላይ ሆነህ ፎቶ ላክልኝ፤ ከልምምዱ በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

አባትህ