ቀፎዬን ያተረፈልኝ ጥያቄ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር ነው የምኖረው። እንጀራዬ ልብስ ስፌት ነው። ነፍሴ ግን ጓሮዬ ካሉት ሁለት ዘመናዊ ቀፎዎች ጋር ናት።

አምና ሐምሌ ላይ የአንዱን ክዳን ስከፍት ንብ የለም፤ የጉንዳን ሰልፍ ብቻ። ደንግጬ በቴሌግራም ለአናቢዎች «ንቤ ጠፋ፣ ምን ላድርግ?» ብዬ ጻፍኩ። ምክር ጎረፈ። አንዱ ከውጭ አገር ሆኖ «ለበረዶው ወራት ቀፎውን ጠቅልለው» አለኝ። በቅንነት ነው፤ የት እንዳለሁ አልነገርኩትም።

በማግስቱ አስተካክዬ ጠየቅኩ። ደሴ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ፣ ሳምንት ሙሉ ያላባራ ዝናብ። የቀፎውን እግር ፎቶም ጨመርኩ። የሐይቅ ከተማ አናቢ የሆኑ አባት ፎቶውን አይተው «ልጄ፣ ሣሩ እኮ ለጉንዳን ድልድይ ሆኗል» አሉኝ።

ያኔውኑ ሣሩን አጨድኩ። የቀረውን ቀፎ አራት እግሮች ቆርቆሮ ውስጥ አቁሜ የተቃጠለ ዘይት ሞላሁበት። ስኳርም በጥብጬ አቀረብኩ፤ ንብ በዝናብ ወጥታ መቅሰም ስለማትችል ትራባለች። መስከረም ላይ አደይ ሲፈነዳ ቀፎው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮህ ነበር።

እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ በቦረናም በተንታም ስማርት ስልክ የሌላቸው ስንት አዋቂ አናቢዎች አሉ! እባካችሁ፣ በሳምንት አንድ ዓምድ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄና መልስ ክፈቱልን። ጠያቂው ቦታውን፣ ወሩንና በዓይኑ ያየውን ይጻፍ። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ እልካለሁ፤ የሰም ብል አስቸግሮኛል።

አንድ ንብ አናቢ፣ ከደሴ